የከሪማ መስኮት

ከሪማ ሱሩር በሯ ላይ ቆማ ጠያቂ መመለስ የጀመረችው በ1963 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ ነው። ይህ ደብረ ማርቆስ ላይ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ከሕመም የዳነ ሰው ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ጠያቂው ይገባል፣ ጉንጭ ለጉንጭ አገላብጦ ይስማል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ያዘለውን ልጅ አውርዶ በሽተኛው እቅፍ ውስጥ ያኖረዋል። ያልመጣውን ሰው ይታዘቡታል፤ የመጣውን የመለሰ ግን ስሙ በሰፈር ይነሣል። ከሪማ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አውቃ ነው የመለሰችው። ወንድሟ ጀማለዲን ከለንደን የተመለሰው የእሷን አንድ ኩላሊት በሆዱ ይዞ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና የሐኪም ረዳት፣ ነበርሁ። ሐኪሙ፣ የውጭ አገር ሰው ነው፣ ከለንደን የመጣውን ወረቀት አንብቦ ሲጨርስ ለእኔ ሰጠኝና «እንዳላማው፣ ይህ ሰው ያንተ ነው» አለኝ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ቤታቸው እሄዳለሁ። ክብደቱን እመዝናለሁ፣ የደም ግፊቱንና ሙቀቱን እለካለሁ፣ ከጣቱ ጥቂት ደም ወስጄ ነጩን የደም ሕዋስ በማይክሮስኮፕ እቆጥራለሁ። ሽንቱን በመስታወት ቱቦ አድርጌ በአልኮል መብራት አሞቀዋለሁ፤ ጥርት ካለ ኩላሊቱ ደህና ነው፣ ከደፈረሰ ነገር አለ። ከሪማ ይህን ሁለት ጊዜ ቆማ አየች። በሦስተኛው ቱቦውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«አንተ የምትመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ ኩላሊቱ ግን በየቀኑ ነው የሚሠራው» አለችኝ።

አንድ ቱቦና መብራቱን ተውሁላት።

ጀማለዲን የሚውጠው ሁለት ዓይነት ኪኒን ነበር፤ ኢሙራንና ፕሬድኒሶሎን። ሰውነት የሌላ ሰው ሥጋ ሲገባበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይጣላዋል። ኪኒኖቹ ያን ጠብ ያበርዳሉ። ችግሩ ኪኒን መርጦ አለማስተኛቱ ነው፤ ኩላሊቱን የሚጣላውን ዘበኛ ሲያስተኛ ቫይረስ የሚጠብቀውንም ዘበኛ አብሮ ያስተኛል። ለሌላው ሰው የሳምንት ሽፍታ የሆነ ነገር ለእሱ ሳንባና ጉበት ድረስ ይገባል። የለንደኑ ወረቀት ይህን በቀይ ቀለም አስምሮበት ነበር፤ ከኩፍኝ፣ ውኃ ከሚቋጥረው ጉድፍ፣ ከማንኛውም ሽፍታ ይራቅ። ከዚያ በታች አንድ ጥያቄ አለ፤ ሕመምተኛው ልጅ ሳለ ጉድፍ ይዞት ያውቃል? ከሪማን ጠየቅኋት።

«እኔን ይዞኛል» አለች። «ይኸው ቅንድቤ ላይ ጠባሳው አለ። እሱን ግን ያን ጊዜ አያቴ ደጀን ወስደውት ነበር። ከዚያ ወዲያም አልያዘውም። እኔ ነኝ ያሳደግሁት፣ ገላው ላይ የወጣ ነገር አይጠፋኝም።»

እውነቷን ነው። እናታቸው ሸምሲያ የሞቱት ጀማለዲን በተወለደ በአርባ ቀኑ ነው። ከሪማ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባታቸው ሱሩር ድርና ማግ በበቅሎ ጭነው ከደጀን ደብረ ማርቆስ የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ፤ ከወር ውስጥ ቤት የሚያድሩት አሥር ቀን ቢሆን ነው። ሕፃኑን የያዘችው ከሪማ ናት፤ ያጠቡት ደግሞ አጥር የሚጋሩት ጎረቤት፣ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ክርስቲያን ናቸው፤ የራሳቸውም ልጅ ጡት ላይ ነበር። ግራውን ለልጃቸው፣ ቀኙን ለጀማለዲን እያሉ ከዓመት በላይ አጠቡት። ከሪማ ሕፃኑን አዝላ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በአጥሩ ክፍተት ትሾልካለች፤ እስኪጠግብ ቆማ ትጠብቅና መልሳ ታዝለዋለች። ክፍተቱ ኋላ በር ሆነ። ጀማለዲን አድጎ ልብስ ሰፊ ከሆነ በኋላም ወይዘሮ ወለተ ኪዳንን «እማዬ፣ አንቺ» ነው የሚላቸው። ከሪማ ግን «እማማ፣ እርስዎ» ትላለች። ሁለቱ ቤቶች የማይጋሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሥጋ። በፋሲካ ከዚያ ቤት ወደዚህ ዳቦ ይመጣል፣ በዒድ ከዚህ ቤት ወደዚያ ማርና ቂጣ ይሄዳል። ሥጋ የዚያም የዚህም አይሻገርም፤ ማንም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም።

ከሪማ በሃያ ዓመቷ ደጀን ተዳረች። ወንድሟን ይዛ ሄደች። ባልየው ሁለት ዓመት ታገሠና «ወይ እኔ ወይ ልጁ» ሲላት ልጁን ይዛ ተመለሰች። ስለዚያ ሰው ክፉ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «ሰውየው ደህና ነበር፤ ጥያቄው ነው የከፋው» ትላለች።

የጀማለዲን እግር ማበጥ የጀመረው በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ኩላሊቶቹ ሁለቱም እንደደከሙ ሲታወቅ አሥመራ ያሉት አጎታቸው ሙሐመድሳኒ ነገሩን ይዘው እሱንና ከሪማን ለንደን አደረሱ። እዚያ ያለ ሐኪም ከሪማን በአስተርጓሚ «በደንብ አስበሽበታል ወይ?» ብሎ ጠየቃት።

«ሁለት ካለኝ ምኑ ይታሰባል?» ብላ መለሰች። አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ እንደጠረገ ጀማለዲን ደጋግሞ ያወራ ነበር።

እንግዲህ ወደ በሩ ልመለስ። ከሪማ ጠያቂን መመለስ ብቻውን እንደማያዋጣ ሳምንት ሳይሞላ ገባት። ሰው ይከፋል፣ ጀማለዲንም ሰው ይናፍቃል። ስለዚህ የስፌት መኪናውን ወደ ጎን መንገዱ መስኮት አስጠጋች። ከመስኮቱ ውጭ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቃ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠች። ጠያቂ ድንጋዩ ላይ ይቆማል፣ ጀማለዲን ከውስጥ እየሰፋ ያወራዋል። ወደ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፤ ቤትህ የታመመ ልጅ አለ? ጎረቤትህ ሽፍታ የወጣበት ልጅ አለ? ሳል አለብህ? ከዚያ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ጥያቄዎቹን ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሰፈሩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ። አንድ የቆዳ ነጋዴ ድንጋዩ ላይ ቆሞ፣ «ከሪማ ጉምሩክ ከፈተች! የምናሳልፈው ዕቃ የለንም፣ ሰላም ለማለት ነው!» ይላል።

«ሰላምታህ ይግባ፣ አንተ እዚያው ቁም» ትለዋለች።

«ኩላሊቷን ሰጥታ ሰውየውን ወረሰችው እኮ!»

«አንተም የሚሰጥህ ስታገኝ ያኔ ታወራኛለህ።»

የጀማለዲን ፊት በፕሬድኒሶሎኑ አብጦ ክብ ሆኖ ነበር። ሰው ይህን አያውቅም። «ለንደን ተስማማው! ጉንጩን እዩልኝ!» ይላሉ። ጀማለዲንም ጉንጩን እየነፋ ያሳያቸዋል። መስከረም ላይ የፈንጣጣ ከታቢዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ከሪማ የለንደኑን ወረቀት ይዛ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ክትባቱ በሕይወት ያለ ቫይረስ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ጋሻ፣ ለጀማለዲን ራሱ በሽታ ነበር። «የእኔንም ክንድ ተዉት፣ ቁስሉ ከእኔ ወደ እሱ ይሻገራል» አለቻቸው። የቡድኑ አለቃ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ባርኔጣውን አንሥቶላት ሄደ።

በዚህ ዓይነት አምስት ወር አለፈ። ሽንቱ በየቀኑ ጥርት ይላል። የዚያ ዓመት ዒድ አል-ፊጥር ኅዳር 9 ቀን ዋለ። ከሪማ ለመስኮቱ አዲስ መጋረጃ ሰፋችለት፤ ድንጋዩም ታጠበ። ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ነበር። ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከሮብ ገበያ ያስመጡትን ነጭ ማር በቅል ይዘው በአጥሩ በር ገቡ። ለእሳቸው ድንጋይ የለም፣ ጥያቄም የለም። ቤታቸው ልጅ የለም፤ ልጆቻቸው አድገው ሄደዋል። እጃቸውን ብቻ ታጠቡ። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ አጥብቀው ጠምጥመው ነበር።

«እማማ፣ በረደዎት እንዴ?» አለች ከሪማ።

«ኅዳር እኮ ነው ልጄ፣ ምን ላድርግ።»

ከዚያ ጀማለዲንን አቅፈው አገላብጠው ሳሙት። ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው ግንባሩን አንገታቸው ሥር ወሽቆ ቆየ። እስከ ቀትር አብረው ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ኅዳር 11፣ የቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን መጡ።

«እንዳላማው፣ ትከሻዬን እሳት በላኝ።»

«መቼ ጀመረዎት እትዬ?»

«ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

«ስሟን ጠርቼ እንድትሰፋብኝ ነው? ዝም ስትባል ትሄዳለች ብዬ ነው እንጂ። ራሷና ጭራዋ ከተገናኙ ትገድላለች ሲሉ አልሰማህም?»

ነጠላውን ገለጥሁት። ከግራ አንገታቸው ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻቸው ጫፍ የተዘረጋ፣ እንደ ቀበቶ ጠርዝ ቀጥ ያለ ሽፍታ። አልማዝ ባለጭራ። አብዛኛው ደርቆ ቅርፊት ይዟል። አንገታቸው ሥር ያሉት አራት ፍሬዎች ግን ገና ውኃ እንደቋጠሩ ናቸው።

የያዝሁትን ጥጥ አስቀመጥሁ።

«በዒድ ዕለት ጀማለዲን ዘንድ ሄደው ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው? ልጄን በዓል አልጠይቅ?»

«ሳሙት?»

«አገላብጬ ነዋ! ምነው?»

ነገርኋቸው። ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ አንድ ቫይረስ ናቸው። ልጅ ሆነን በጉድፍ ይገባል፤ ሽፍታው ሲድን እሱ አይወጣም፣ ጅማት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ሰው ሲያረጅ ወይም ሲደክም ይነቃል፤ በአንድ ጅማት መስመር ብቻ ይወጣል፤ ያኔ አልማዝ ባለጭራ ይባላል። ውኃውን የነካ፣ ጉድፍ ይዞት የማያውቅ ሰው፣ ጉድፍ ይይዘዋል። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ቀስ ብለው መልሰው ጠመጠሙ።

«ገደልሁት በለኝ።»

«ገና ነው እትዬ። እዚሁ ይቀመጡ፣ እንዳይሄዱ።»

ሐኪሙ ጋ ሮጥሁ። የነገርሁትን ሁሉ ሰምቶ በመጀመሪያ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ። ከተነካካ ሦስት ቀን ሳይሞላው ከሆነ አንድ ነገር ይሞከራል፤ በቅርቡ ይህ በሽታ ይዞት እያገገመ ካለ ሰው ደም ይወሰዳል፣ ቀዩ ይለያል፣ የቀረው ቢጫ ውኃ ለሕመምተኛው ይሰጣል። በዚያ ውኃ ውስጥ የሰውዬው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ አለ። ጀማለዲን የራሱን ማዘጋጀት ስለማይችል የሌላ ሰው ይዋሳል ማለት ነው።

«እያገገመ ያለ ሰው የት ታገኛለህ?» አለ ሐኪሙ።

«ቁስል ማጠቢያ ክፍል ተቀምጠዋል» አልሁት።

ወደ ከሪማ ቤት ስሄድ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ተከተሉኝ። ቢከለከሉም አይቀሩም ነበር። ቤቱ ጋ ስንደርስ በአጥሩ በር አልገቡም፤ ዞረው በጎን መንገዱ መጡና ድንጋዩ ላይ ቆሙ። እኔ ገብቼ ለከሪማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት።

ከሪማ የስፌት መቀሱን ይዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንሥታ እንደገና ሌላ ቦታ አስቀመጠችው።

«አምስት ወር ሙሉ የሰፈሩን ሕፃን አባረርሁ» አለች። «የገዛ አክስቴን የቀድሪያን ልጅ በር ላይ አስለቀስሁ። ለካ በሩን በገዛ እጄ ነው የከፈትሁት።»

«የጠየቅሽው እኔ ያስተማርሁሽን ነው። ስለ ልጆች ብቻ ነው የነገርሁሽ። ስለ ትልልቅ ሰው ሽፍታ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

እንደማዝንላት ሳይሆን እንደምመሰክር አድርጌ ነው የተናገርሁት፤ እውነትም ነበር። ትንሽ ተመለከተችኝ።

«እሺ። አሁን ምን ይደረጋል?»

ስለ ደሙ ነገርኋት። ሳልጨርስ የቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። «እኔም ጉድፍ ይዞኛል። ከእኔ ውሰዱ።»

«ያንቺ ድሮ ነው፣ ቀጥኗል። ደግሞ ሐኪሙ አንድ ኩላሊት ካላት ሴት ደም አልወስድም ብሏል።»

«ኩላሊት የሰጠሁ ሰው ደም ይቸግረኛል?»

«ከሪማ፣ አንቺ ሰጥተሻል። አሁን የሌላ ሰው ተራ ነው።»

ይህ ቃል አላስደሰታትም። እሷ ሁሉንም ነገር በራሷ ጀርባ አዝላ የለመደች ናት። «ከማን ነው ታዲያ?» አለች፤ እያወቀች።

«ከእትዬ ወለተ ኪዳን።»

«በሽታውን ካመጣው ሰውነት?»

«መድኃኒቱም ያለው እዚያው ሰውነት ውስጥ ነው። ነገ ረፋድ ላይ ሦስት ቀን ይሞላዋል።»

ጀማለዲን እስከዚህ ድረስ መኪናውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። አሁን መጋረጃውን ገለጠ።

«እማዬ! እዚያ ምን ያስቆምሻል?»

«እዚህ ይበቃኛል ልጄ። ዛሬ የእኔ ቦታ ይህ ነው።»

«ሰምተሻል የሚሉትን? ደምሽን አምጪ እያሉ ነው።»

«ሰምቻለሁ። በመንገድ ሳስበው ነው የመጣሁ።» ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከጀማለዲን ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ከጀርባው የቆመችውን ከሪማን አዩ። «ከሪማዬ፣ ሥጋዬን አትበሉም፣ ሥጋችሁን አልበላም፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ ልጅ ወተቴን ጠጥቷል። አንቺ ራስሽ አዝለሽ እያመጣሽ። ደም ከወተት በምን ይከፋል?»

ጎዳናው ላይ ሰው እየቆመ ነበር።

«የንስሐ አባትዎስ ምን ይላሉ?» አለች ከሪማ።

«አባ አካለ ወልድን ነው? ከሰጠሁ በኋላ እነግራቸዋለሁ። አስቀድሜ ብነግራቸው መጽሐፍ ሲያገላብጡ ሦስተኛው ቀን ያልፍብናል።»

ጀማለዲን ሳቀ። ከሪማ አልሳቀችም፤ ግን ነጠላዋን አንሥታ በዋናው በር ወጣች፣ ዞራ ድንጋዩ ዘንድ ደረሰች፣ ወይዘሮ ወለተ ኪዳንን በጤነኛው በቀኝ ክንዳቸው ያዘቻቸውና «ቀስ ይበሉ፣ መንገዱ ይጎረብጣል» ብላ ወደ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ጉድፍ ይዞት የሚያውቅ ሰው እንደገና አይያዝም፤ ይህን ያስተማርኋት እዚያው መንገድ ላይ ነው። ስትመለስ ግን ልብሷን ቀይራ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ገባች።

የሁለቱም የደም ዓይነት ኤ ሆነ። አንድ ጠርሙስ ወሰድን። ጠርሙሱን ሳንነቀንቅ በማቀዝቀዣ አቆየነው፤ በማግስቱ ጠዋት ቀዩ ከታች ረግቷል፣ ቢጫው ከላይ ጠርቷል። ቢጫውን ቀስ አድርጌ ቀዳሁ። ቀዩን መልሰን ለራሳቸው ሰጠናቸውና ሁለተኛ ጠርሙስ ወሰድን። ሐኪሙ መጠኑን አይቶ፣ «መጽሐፉ ከሚለው ያንሳል፤ ያለን ግን ይህ ነው» አለ። ጀማለዲን ቤቱ አልጋው ላይ ሆኖ፣ ጠርሙሱ ተሰቅሎ ወደ ክንዱ ሲወርድ ቀና ብሎ ተመለከተው።

«ጋሼ እንዳላማው፣ ይህ ነገር ጠጅ ይመስላል። ጠጅ ከሆነ ንገሩኝ፣ ሐራም ነው።»

«የእናትህ ነው፣ ዝም ብለህ ተኛ» አለችው ከሪማ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ሃያ አንድ ቀን ይጠበቃል፤ እንዲህ ያለ ውኃ ለወሰደ ሰው ደግሞ እስከ ሃያ ስምንት። ከሪማ ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር ታሰምር ነበር። ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ትለካለች፤ ገላውን ጀርባውን ሳይቀር በፀሐይ ብርሃን ትመለከታለች። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በየቀኑ ድንጋዩ ላይ ይመጣሉ። ቅርፊታቸው ደርቆ ረገፈ፤ መግባት ይችሉ ነበር። አልጠየቁም፣ ከሪማም አላለቻቸውም።

ከዒዱ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ከግማሽ ሆነ። በማግስቱ ደረቱ ላይ ሦስት ፍሬ ታየ። ቀትር ላይ ሰባት ሆነ፣ ማታ አሥራ አንድ። ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ ዳማከሴ ቀጥፋ በመስኮቱ አቀበለች።

«ምች ነው የመታው፤ አሽተሽ ቀቢው፣ ከቡና ጋርም አጠጪው።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለች ከሪማ። ማንጠግቦሽ ዞር ስትል ዳማከሴውን ለፍየሏ ሰጠቻት። ለሌላ ሰው ዳማከሴን አትንቅም፤ የራሷን ራስ ምታት በእሱ ነው የምታስታግሠው። ለእሱ ግን ከወረቀቱ ውጭ ምንም አይነካውም።

ሐኪሙ ኢሙራኑን ሙሉ በሙሉ አስቆመው፤ ዘበኛው ይንቃ። ፕሬድኒሶሎኑ ግን አይቆምም፤ ወራት የወሰደው ሰው በድንገት ከተወው ልቡ ይወድቃል። አሁን ነገሩ ሁለት ጎን አለው። ዘበኛው ካልነቃ ጉድፉ ሳንባ ይገባል። ከመጠን በላይ ከነቃ ኩላሊቱን ይጣላዋል። እኔ በየቀኑ መሄድ ጀመርሁ። ትንፋሹን አዳምጣለሁ፣ ነጩን የደም ሕዋስ እቆጥራለሁ። ቱቦውን የምትይዘው ከሪማ ናት።

ፍሬው በወጣ በአምስተኛው ቀን ጠዋት መብራቱ ላይ ያለው ሽንት ጭስ የነካው መስሎ ደፈረሰ። ከሪማ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ተመለከተች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«እንዳላማው፣ ኩላሊቴ እየተጣላው ነው?»

ገላውን አየሁ። አሥራ አንዱም ደርቀዋል፤ አዲስ የወጣ የለም። ትንፋሹ ንጹሕ ነው። ለሐኪሙ ነገርሁት፣ ኢሙራኑን በግማሽ አስጀመረው። ያን ቀን ከሪማ ምንም አልበላችም። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ድንጋዩ ላይ ቆመው ነበር፤ ምን እንደተፈጠረ ማንም አልነገራቸውም፤ ግን ከሪማን በመስኮት አይተው ዳዊታቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡና በቆሙበት ጀመሩ። ከውስጥ ጀማለዲን በዝግታ አብሯቸው ያንጎራጉር ነበር፤ እሳቸው ዳዊት፣ እሱ በነቢዩ ላይ ሰላዋት።

በማግስቱ ቱቦው ትንሽ ጠራ። በሦስተኛው ቀን እንደ ውኃ ሆነ። ጠርቶ እያለ ከሪማ መልሳ ደጋግማ አሞቀችው፤ አላመነችውም።

የመጨረሻው ቅርፊት የረገፈው ታኅሣሥ 10 ቀን ነው። እኔ ልመዝነው ሄጄ ነበር። በጠመኔ የተሰመረው ግድግዳ ሞልቶ ሁለተኛ ረድፍ ጀምሯል። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን እንደ ልማዳቸው በጎን መንገዱ መጡና ድንጋዩ ላይ ቆሙ።

ከሪማ ወጣች። እኔ የምሰማው በመስኮቱ ነው።

«እማማ፣ ቤትዎ የታመመ ልጅ አለ?»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ደነገጡ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። «የለም ልጄ።»

«ጎረቤትዎስ ሽፍታ የወጣበት ልጅ አለ?»

«ጎረቤቴ አንቺ ነሽ።»

«ሳል አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ትከሻዎን ያሳዩኝ።»

ይህ አዲሱ አራተኛ ጥያቄ ነበር። ኋላ ለሰፈሩ ሁሉ የሚጠየቅ ሆነ፤ ቆዳ ነጋዴው ሳይቀር ሸሚዙን እየፈታ ድንጋዩ ላይ ይቆም ጀመር። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ጫፍ አንሸራተቱት። ከአንገታቸው ሥር እስከ ትከሻቸው የቀላ ጠባሳ ብቻ ነበር። ከሪማ በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው፤ መጀመሪያ እንደሚመረምር ሰው፣ ከዚያ እንደዚያ ሳይሆን። መልሳም ነጠላውን ራሷ አለበሰቻቸው።

«ይግቡ» አለች።

«በየት በኩል?»

«በየት ነው የሚገቡት? በአጥሩ ነዋ።»

ገቡ። ሳሙና ቀረበላቸው፣ ታጠቡ፤ ከሪማ ውኃውን ራሷ አፈሰሰችላቸው። ጀማለዲን ከመኪናው ተነሥቶ ቆሞ ይጠብቃል።

«ልስመው ወይ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን፣ እጃቸው ገና ውኃ እያንጠባጠበ።

ከሪማ ወደ እኔ አየች። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁላት።

«ግንባሩን ብቻ» አለች።